ኮርስ ብስክሌቴ 9.6 ኪሎ ነው፤ ከየትኛው ዕቃ ልጀምር?

ዳገት ወዳጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እስቲ አንድ ነገር ምከሩኝ። የአሉሚኒየም ፍሬም ያለው ኮርስ ብስክሌት አለኝ። ማርሹ ሺማኖ ሶራ ነው፣ የኋላው 9፣ ፍሬኑ ደግሞ ቸርኬውን የሚይዘው ዓይነት። ከፔዳሉና ከጠርሙስ መያዣው ጋር 9.6 ኪሎ ይመዝናል። እኔ 72 ኪሎ ነኝ። ሜዳ ላይ ከጓደኞቼ እኩል ነው የምሄደው። ዳገት ሲመጣ ግን ቀስ በቀስ ይርቁኛል፣ ጫፍ ላይ ቆመው ነው የሚጠብቁኝ። ሁሉም ካርቦን ነው የሚነዱት። ባለፈው የአንዱን ብስክሌት በአንድ እጄ ብድግ ሳደርገው ልዩነቱ አስደነገጠኝ።

ፍሬሜን መቀየር አልፈልግም። በልኬ ነው፣ አራት ሰዓት ነድቼበት ወገቤን አያመኝም። ዕቃ እየቀየርኩ ግን ወደ 8 ኪሎ ላወርደው እፈልጋለሁ። ሁሉንም ባንዴ መግዛት ስለማልችል ቅደም ተከተሉን ንገሩኝ። የካርቦን መሪ? የካርቦን የኮርቻ ዘንግ? የቲታኒየም ቡሎን? የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ነው የሚለኝ፣ ግራ ገባኝ።

ቸርኬ ሠሪ፦
ወንድሜ፣ ምንም ነገር ከመግዛትህ በፊት ያለህን መዝን። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። አምራቹ የጻፈውን ግራም እንዳለ አትቀበል፣ አንድ ዓይነት ሁለት ጎማ በ10 እና በ15 ግራም ሲለያይ ራሴ መዝኜ አይቻለሁ። ከዚያ ወረቀት ላይ አስፍረው፣ የድሮው ስንት፣ አዲሱ ስንት። ለምታወጣው ገንዘብ ብዙ ግራም የሚያነሳልህ የትኛው እንደሆነ ያኔ ግልጽ ይሆንልሃል።

እኔ ግን ከአሁኑ ልንገርህ፣ ጎማ ነው። በዚህ ደረጃ ያለ ብስክሌት ከፋብሪካ ሲወጣ የሚገጠምለት ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ጠርዙ ሽቦ ነው። አይታጠፍም፣ አንዱ ብቻውን ከ300 ግራም ይበልጣል። ጥሩ የውድድር ጎማ ግን ጠርዙ ጠንካራ ክር ስለሆነ ተጣጥፎ በትንሽ ካርቶን ነው የሚመጣው። ለምሳሌ ኮንቲኔንታል ግራንድ ፕሪ 5000 በ25 ሚሊ ሜትር ስፋቱ 220 ግራም ገደማ ነው። ደግሞ ጥቅሙ ግራሙ ብቻ አይደለም። ጨርቁ ስስና ላስቲኩ የተሻለ ስለሆነ ሲንከባለል የሚበላብህ ጉልበት ያንሳል፣ ይሄ ደግሞ ሜዳውም ላይ ዳገቱም ላይ አብሮህ አለ። የካርቦን መሪ ይህን አያደርግልህም።

ቀጥሎ ከመነዳሪ። ተራው የቡቲል ከመነዳሪ 100 ግራም አካባቢ ነው፣ ላቴክስ 80 አካባቢ። ቲፒዩ የሚባለው ቀጭን የፕላስቲክ ዓይነት ደግሞ ከ25 እስከ 40 ግራም ነው። እጅህ ላይ ስታደርገው የከረሜላ ወረቀት የያዝክ ነው የሚመስልህ። ሁለቱን ስትቀይር ወደ 150 ግራም ይወርዳል፣ ሥራው ደግሞ የሩብ ሰዓት ነው። ነገር ግን ጎማው ውስጥ ሳታስገባው ብዙ እንዳትነፋው፣ ከተለጠጠ ወደ ልኩ አይመለስም። ሌላው ሙቀት ነው። ያንተ ፍሬን ቸርኬውን የሚይዝ ስለሆነ ረጅም ቁልቁለት ላይ ቸርኬው ይግላል። አንዳንድ የቲፒዩ አምራቾች ለእንዲህ ዓይነት ፍሬን አይሆንም ብለው ካርቶኑ ላይ ይጽፋሉ፣ ስለዚህ ሳታነብ አትግዛ። ላቴክስም ሙቀት አይወድም፣ በዚያ ላይ አየር ቶሎ ያስወጣል፣ ከቤት በወጣህ ቁጥር መንፋት አለብህ።

ዋት በኪሎ፦
ስሜት ስለሚያሳስት ቁጥር ልጨምርበት። 5 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው፣ አማካይ ተዳፋቱ 8 በመቶ የሆነ ዳገት እንውሰድ። 400 ሜትር ሽቅብ ትወጣለህ ማለት ነው። አንድ ኪሎን 400 ሜትር ከፍ ለማድረግ 3,924 ጁል ያስፈልጋል፣ አንዱን ኪሎ በ9.81 ከዚያ በ400 ማባዛት ነው። በ220 ዋት የምትገፋ ከሆነ ይህ 18 ሰከንድ አካባቢ ይሆናል። አንተን፣ ብስክሌቱንና ልብስህን 84 ኪሎ ብንል ደግሞ ዳገቱ በጠቅላላ 27 ደቂቃ ገደማ ይፈጅብሃል። እንግዲህ አንድ ሙሉ ኪሎ ቀንሰህ ከ27 ደቂቃው ላይ የምታተርፈው 18 ሰከንድ ነው።

ይህ ትንሽ ነው ብዬ አልንቀውም። በአንድ ሜትር ልዩነት የጓደኛህን የኋላ ጎማ የምታጣበት ጊዜ አለ፣ 18 ሰከንድ ያኔ ብዙ ነው። ግን ጓደኞችህ ጫፍ ላይ ምን ያህል ነው የሚጠብቁህ? ግማሽ ደቂቃ ከሆነ ብስክሌቱ አንድ ድርሻ አለው። አምስት ደቂቃ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

ሌላ አንድ ነገር። የሚሽከረከር ክብደት እጥፍ ነው ሲባል ትሰማለህ። ይህ እውነት የሚሆነው ፍጥነት ስትጨምር ብቻ ነው። ቸርኬው ጠርዝ ላይ ያለ ግራም ወደ ፊትም ይሄዳል፣ ዙሪያውንም ይዞራል፣ ስለዚህ ከቆምክበት ስትነሳ እጥፍ ያህል ጉልበት ይወስዳል። በአንድ ወጥ ፍጥነት ዳገት ስትወጣ ግን ግራም ያው ግራም ነው፣ ጎማህ ላይም ይሁን ኪስህ ውስጥ። ውሃህንም እየው እስቲ። ሁለት ባለ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ሞልተህ ስትወጣ 1.5 ኪሎ ተሸክመሃል። መንገድህ ላይ መሙያ ካለ አንዱን ባዶ ይዘህ ውጣ።

ሰማያዊ ኮርሳ፦
እኔ ስለ ካርቦን መሪው ነው መናገር የምፈልገው፣ ደርሶብኛልና። ከሦስት ዓመት በፊት ገዛሁ፣ ከአሉሚኒየሙ በ90 ግራም ይቀል ነበር። ቶርክ (ቡሎን የሚጠብቅበትን ኃይል) የሚለካ ቁልፍ አልነበረኝም፣ በእጄ ስሜት አጠበቅኩት። «ቀጭ» የሚል ትንሽዬ ድምፅ ሰማሁ፣ ቡሎኑ ቦታውን የያዘ መሰለኝ። ከሁለት ወር በኋላ የመሪውን ቴፕ ልቀይር ስፈታታው ማሰሪያው ስር ፀጉር የምታክል መስመር አየሁ። ቆሻሻ ነው ብዬ በጨርቅ ጠረግኩት፣ አልለቀቀም። ጥፍሬን ሳስኬድበት ያዝ አደረገኝ። በዚያ መሪ ስንት ቁልቁለት ወርጄበታለሁ፣ አንዳንዱን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር! ቁጭ ብዬ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን የካርቦን ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ቶርክ ቁልፍ ግዛ። የመሪና የኮርቻ ዘንግ ቡሎን ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ኒውተን ሜትር ነው፣ ዕቃው ላይ ተጽፎ ታገኘዋለህ፣ እሱን ብቻ ተከተል። ካርቦን ላይ ግሪስ አይቀባም፣ አሸዋ አሸዋ የሚል የራሱ ቅባት አለው፣ እሱን ስትቀባ ከልክ በላይ ሳታጠብቀው ይይዛል። የኮርቻ ዘንጉን ስትቆርጥም ሆነ ከፍ ስታደርግ ዘንጉ ቢያንስ እስከዚህ ይግባ ብሎ የሚያሳየው መስመር ከፍሬሙ ውጪ እንዳይታይ። በጣም ቀላል ኮርቻ ስታይ ደግሞ የሚችለውን የሰው ክብደት አንብብ። ቡሎን መቀየር ካሰኘህ የጠርሙስ መያዣውን ቀይር። የመሪውንና የፍሬኑን ቡሎን በአሉሚኒየም እንዳትለውጥ፣ ለማይሰማህ ጥቂት ግራም ጥርስህን ማስያዝ ነው።

ቤልጂየማዊው ብስክሌተኛ ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ጣሊያናዊው ብስክሌት ሠሪ ኤርኔስቶ ኮልናጎ የሠራለት ብስክሌት ከ6 ኪሎ በታች ነበር። ዕቃው ሁሉ እየተበሳ ነው ያን ያህል የቀለለው። ግን ትራክ ላይ ነው፣ ፍሬን የለውም፣ የታሰበውም ለዚያች አንድ ሰዓት ነው። ዛሬ ዩሲአይ (ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር) ለባለሙያዎቹ እንኳ ከ6.8 ኪሎ በታች አይፈቅድም፣ ሕጉ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ አለ። አንተ ብስክሌትህን በየሳምንቱ ነው የምትነዳው።

ዳገት ወዳጅ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ እህቴ ሰማያዊ ኮርሳም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንኳን አተረፈሽ። ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ፈታትቼ መዘንኩ። ጎማ አንዱ 345፣ ሌላው 352 ግራም። ከመነዳሪ 108 እና 112። ቸርኬ ከነሞዞው (መሃል ላይ የሚዞርበት ክፍል) እና ከነራጂው (ሽቦዎቹ) የፊቱ 880፣ የኋላው 1,130። ኮርቻ 342። የኮርቻ ዘንግ 288። መሪ 305። ካሴቱ (የኋላው የማርሽ ጥርሶች ስብስብ) ከ11 እስከ 28 ጥርስ ነው፣ 290 ሆነ። ፔዳል ሁለቱ አንድ ላይ 381።

ያልጠበቅኩት ግን ከኮርቻው ስር ያለችው ቦርሳ ናት። 640 ግራም! በ9.6ቱ ውስጥ እንኳ አልቆጠርኳትም ነበር። ሁለት ከመነዳሪ፣ መፍቻ ስብስብ፣ ሦስት የጎማ ማውጫ፣ ከድሮው ብስክሌቴ ጀምሮ እዚያው የተቀመጠ 15 ቁጥር ቁልፍ። ይህ ብስክሌት ላይ 15 ቁጥር የሚፈታ ምንም ነገር የለም። ወዲያው ወደ 380 ግራም አወረድኳት።

ጓደኞቼ የሚጠብቁኝ ደግሞ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው።

በዝግታ፦
ሁለት ደቂቃ ከሆነ እኔ ስለ ማርሽህ ነው የምጠይቅህ። ዳገቱ በጣም ቀጥ የሚልበት ቦታ ላይ እግርህ በደቂቃ ስንት ዙር ነው የሚዞረው? ፊት 34 ጥርስ ኋላ 28 ጥርስ ላይ ነህ ብዬ ልገምት። 12 በመቶ ላይ በ220 ዋት ፍጥነትህ በሰዓት 7.7 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በ34 እና 28 እግርህ በደቂቃ 50 ጊዜ ብቻ ነው የሚዞረው። ይህ ፔዳል መርገጥ ሳይሆን ደረጃ መውጣት ነው። ጉልበትህ እያለ ጭንህ ቀድሞ ይደክማል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ዳገት ሁሉ በደከመ እግር ነው የሚወጣው። ኋላ 34 ጥርስ ቢኖርህ በዚያው ፍጥነት 61 ዙር ይሆናል።

አዎ፣ ትልቁ ካሴት ይከብዳል፣ ከ50 ግራም በላይ ሊጨምርብህ ይችላል። እኔ ያለምንም ማመንታት እጨምረዋለሁ። ብስክሌቴን ከቀለሉ ዕቃዎች ጋር ለዓመታት ስታገልበት ኖሬ ዳገት ላይ ልዩነቱ በግልጽ የተሰማኝ ካሴት የቀየርኩ ቀን ነው። የኋላው ማርሽ ለዋጭህ 34 ይችል እንደሆነ ግን መጀመሪያ አረጋግጥ፣ አጭር ክንድ ያለው አይችልም። ሰንሰለቱም መርዘም አለበት።

ቸርኬ ሠሪ፦
«በዝግታ» ያለው ልክ ነው፣ እኔም ከዚያ ነው የምነሳው።

አሁን ቁጥርህን ስላየሁ በግልጽ ልናገር። ጎማና ከመነዳሪ አሁን 917 ግራም ናቸው። ሁለት ባለ 220 ጎማና ሁለት ባለ 35 ከመነዳሪ 510 ይሆናሉ። 407 ግራም ወረደልህ። ቸርኬህ 2,010 ነው፣ ጥሩ የአሉሚኒየም ቸርኬ 1,500 አካባቢ ይገኛል፣ ይህ ሌላ 510 ነው። ከዚያ ኮርቻ። 200 ግራም የሚመዝን የሚመችህ ካገኘህ 140 ትቀንሳለህ፣ ካልተመቸህ ግን የድሮውን አትጣለው፣ አሥር ደቂቃ በተቀመጥክ ቁጥር የሚያስነሳህ ኮርቻ ምንም ያህል ቢቀል አይጠቅምህም። ሲደመር አንድ ኪሎ አለፈ፣ 8.5 ላይ ደረስክ። ካሴቱ ትንሽ ይመልስብሃል። የቀረው ክብደት ፍሬሙ፣ ፎርኩ (የፊት ቸርኬውን የሚይዘው ሹካ) እና ክራንኩ (ፔዳሉ የሚያያዝበት ክንድ) ውስጥ ነው ያለው። 8 ኪሎ የምትለው ቁጥር በዚህ ፍሬም ብዙ ገንዘብ አስወጥቶ ትንሽ ነው የሚሰጥህ። ፍሬሙ ተመችቶኛል ብለሃል፣ እኔ እዚያው 8.5 ላይ አቆማለሁ።

ቸርኬውን በተመለከተ ላንተ ክብደት የፊቱ 20፣ የኋላው 24 ራጂ ይበቃል። መንገድህ ሻካራ ከሆነ 24 እና 28 አድርገው፣ የጨመርከው ስምንት ራጂ ከነዳዶው 50 ግራም ቢሆን ነው፣ አንዱ ቢበጠስ ግን ቸርኬው ብዙ ሳይጣመም ቤት ያደርስሃል። ከ18 እና ከ20 ራጂ በታች ያለውን ተወው። አዲሱ ሞዞ ለ11 ማርሽ የተሠራ ቢሆንም አትፍራ፣ ከ9ኙ ካሴት ኋላ 1.85 ሚሊ ሜትር ቀለበት ታስገባለህ፣ ይገጥማል። ያቺ ቀለበት ከረሳሃት ካሴቱ እየተንቀጫቀጨ ያስቸግርሃል።

ዳገት ወዳጅ፦
የኋላው ለዋጭ ረጅም ክንድ ነው፣ 34 ይችላል፣ አየሁት። ካሴት፣ ሰንሰለትና ጎማ አሁን፣ ቸርኬውን ከጥቂት ወራት በኋላ። የካርቦን መሪውን ትቼዋለሁ። ለጎማው አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ 25 ልግዛ ወይስ 28? አሁን ያለው 25 ነው፣ ከፍሬሙ ጋር በሁለቱም ጎን 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት አለው።

ቸርኬ ሠሪ፦
ከገባ 28። በአንዱ ጎማ 30 ግራም ገደማ ይጨምራል፣ ነገር ግን አየሩን ዝቅ አድርገህ ስለምትነዳው ሻካራ መንገድ ላይ አያንዘፈዝፍህም፣ ጉድጓድ ሲመታም ከመነዳሪው ቶሎ አይበሳም። በጎን 1.5 ሚሊ ሜትር ነው የሚበላብህ፣ ስለዚህ ጎኑ ይበቃል። ከላይ ፍሬኑ ስር ያለውን ክፍተት ግን አልነገርከንም። ጎማው ወደ ላይም ይጨምራል። እሱን ለክተህ 4 ሚሊ ሜትር የሚተርፍህ ከሆነ እዘዝ።