ስፖንሰር አይገዛም፤ የሚገዛውን ግን ልንገራችሁ (ጥቆማ)

ሰሞኑን ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀኝ። «ቀጣሪ ስፖንሰር በሚያደርገው የሥራ ቪዛ ልወጣ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ማን ጋ ልሂድ?» አንዷ ሶፍትዌር ሠሪ ናት። አንዱ ሲቪል መሐንዲስ ነው። ሦስተኛው የአክስቴ ልጅ ነው፤ እሱ ገና ሥራም አላገኘም። ለሦስቱም በስልክ ከምደጋግም እዚሁ ልጻፈው።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ላውራ። ካዛንቺስ ሳይፈርስ እዚያ አንድ «የቪዛ አማካሪ» ነበር። ሊፍቱ የማይሠራ ፎቅ፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ የነፃነት ሐውልት ፎቶ። 40 ሺህ ብር ቆጥሬ ሰጠሁ። «ለኤች ዋን ቢ ሎተሪ አስገብተንሃል፣ ፕሮሰስ ላይ ነው» አሉኝ። ኤች ዋን ቢ ማለት ቀጣሪ ስፖንሰር የሚያደርገው የአሜሪካ የሥራ ቪዛ ነው። በየሳምንቱ እደውላለሁ፤ በየሳምንቱ ፕሮሰስ ላይ ነው።

ያ ሎተሪ ዲቪ አለመሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ዲቪን ራስህ ትሞላዋለህ፣ ካልሆነም ኢንተርኔት ካፌ ያለው ልጅ ይሞላልሃል። ኤች ዋን ቢ ላይ ግን ስምህን የሚያስመዘግበው አሜሪካ ያለው ቀጣሪ ወይም የእሱ ጠበቃ ነው። ምዝገባው በየዓመቱ ማርች ላይ ነው። የተመረጠ ሰው ሥራ የሚጀምረው ከኦክቶበር 1 ነው። ቦታው 65 ሺህ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ማስተርስ ለያዙ ሌላ 20 ሺህ አለ። ቀጣሪ ከሌለህ የምትገባበት በር የለም። እኔ ደግሞ ቀጣሪ አልነበረኝም። ታዲያ ምኑ ነው ፕሮሰስ ላይ የነበረው?

ኋላ በራሴ አመልክቼ እንግሊዝ አገር ሥራ አገኘሁ፣ ሁለት ዓመት ሠርቼ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ አንድ መለኪያ አለኝ፦ ብሩ ሲወጣ እጄ የሚገባ ወረቀት አለ ወይ? ከታች ያለው ሁሉ በዚህ የተለካ ነው።

አማካሪ ቢሮዎች። ቀጣሪ ለሌለው ሰው፦ አልመክርም። ቀጣሪ ላለውም ብዙ ጥቅም አይታየኝም፤ ዋናውን ማመልከቻ የሚያስገባው ቀጣሪው ነውና። ወጪውም አብዛኛው የእሱ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከ2024 መጨረሻ ወዲህ አሠሪው የስፖንሰርሺፕ ሰርተፍኬቱን ክፍያ ሠራተኛው ላይ መጣል አይችልም። ካናዳም ለኤልኤምአይኤው (ከውጭ ሰው ለመቅጠር አሠሪው ለሚያወጣው ፈቃድ) የሚከፈለው 1,000 የካናዳ ዶላር የአሠሪው ዕዳ ነው። ስለዚህ ቦሌ የተቀመጠ ሰው «ሰርተፍኬቱን አወጣልሃለሁ፣ ይህን ያህል አምጣ» ካለህ ሻይህን ጠጥተህ ውጣ።

ደግሞ በነፃ የሚጣራ ነገር አለ። የእንግሊዝ መንግሥት ፈቃድ ያላቸውን ስፖንሰሮች ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ ያወጣል፤ የድርጅቱን ስም መፈለግ ነው። አሜሪካም ኤች ዋን ቢ ያስገቡ ቀጣሪዎችን የሚያሳይ የመረጃ ቋት አላት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ያኔ ይህን ባውቅ 40 ሺህ ብሬ ኪሴ ይቀር ነበር።

ሶፍትዌር ሠሪዋ እህቴ፣ ለአንቺ ሌላም ነገር አለ። መስከረም 9 ቀን 2018 ከዋይት ሐውስ በወጣው አዋጅ መሠረት፣ ከአሜሪካ ውጭ ላለ ሰው አዲስ ኤች ዋን ቢ የሚያስገባ ቀጣሪ 100,000 ዶላር እንዲከፍል ታዘዘ። ሲወጣ ለ12 ወር ተብሎ ነው። «አሜሪካ ያለ ድርጅት በርካሽ ያስገባሻል» የሚል ሰው ካጋጠመሽ ይህንን ጠይቂው። መልሱን ሲፈልግ ፊቱን እዪ።

ሌላው በየካፌው የሚሸጠው የእንግሊዝ «ኬር ወርከር» (የአረጋውያንና የሕሙማን ተንከባካቢ) ቪዛ ነው። ያ በር ከውጭ አገር ለሚቀጠር አዲስ ሰው ሐምሌ 15 ቀን 2017 ተዘግቷል። የስኪልድ ወርከር (የእንግሊዝ የባለሙያ ሥራ ቪዛ) ደመወዝ መነሻም በዚያው ቀን በጥቅሉ በዓመት 41,700 ፓውንድ ሆነ። ዛሬም የሚሸጡት ሰዎች አሉ፤ ባለፈው ሳምንት አንዱን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ትርጉም ቤት። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሂድ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

ሁለት ቦታ ሞክሬያለሁ። አንዱ ስታዲየም አካባቢ ነው፤ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ትርጉም፣ ሁሉም በአንድ ጠባብ ክፍል። ፈጣን ነው፣ ርካሽም ነው። የልደት ሰርተፍኬቴን በግማሽ ሰዓት ሠርተው ሰጡኝ። ቤት ገብቼ ሳነበው የእናቴ ስም የሌላ ሰው እናት ስም ሆኗል፤ የቀድሞውን ደንበኛ ፋይል ሳያጠፉ በላዩ ጽፈው ነው። የትውልድ ቀኔም ተበላሽቷል። ጥቅምት 12 ቀን 1985 ነው የተወለድኩት። ልጁ 8 ደምሮ 1993 አደረገው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ገደማ የተወለደ ሰው ላይ የሚደመረው 7 ነው፤ ትክክሉ ኦክቶበር 22 ቀን 1992 ነው። ፓስፖርት ላይ አንድ ዓመት፣ ትርጉም ላይ ሌላ ዓመት ይዞ ኤምባሲ መግባት ራስን መጣል ነው።

ሁለተኛው አራት ኪሎ ያለ ነው። ሁለት ቀን ወሰደብኝ፣ ዋጋውም ወደድ ይላል። ግን ማኅተም ከመምታታቸው በፊት ረቂቁን አሳዩኝ፣ በእስክሪብቶ አረምኩት፣ ፋይሉንም በቴሌግራም ላኩልኝ። የእኔ ምርጫ እሱ ነው። የትም ብትሄዱ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ረቂቅ ታሳያላችሁ? ፋይሉን ትልካላችሁ? ስሜን እንደ ፓስፖርቴ ትጽፋላችሁ?

የስም ነገር ካነሳን፣ የአባቴ ስም ዮሐንስ ነው። ፓስፖርቴ ላይ ሁለት «ኤን» አለው፣ ዲግሪዬ ላይ አንድ። ለእኛ ያው ነው። ለውጭ አገር ጸሐፊ ሁለት ሰው ነው። ሁለቱም እኔ መሆኔን የሚገልጽ ቃለ መሐላ አዘጋጅቼ ውልና ማስረጃ ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን ሲስተም የለም ተባለ። በነጋታው ጠዋት ግን ቶሎ አለቀ። ወረፋ ለሚያማርራችሁ፣ ጉዳይ አስፈጻሚ የሚረዳው እንዲህ ዓይነት ቦታ ነው፤ ኮፒ ማስነሳት፣ ወረፋ መያዝ፣ የትኛው መስኮት እንደሆነ ማወቅ። የቀን ሥራውን አስቡለት እንጂ «ቪዛውን አስጨርሳለሁ» ሲላችሁ አትስሙት።

ዲግሪ። መሐንዲሱ ወንድሜ፣ ጀርመን ነው የምትለው። ለብሉ ካርድ (ባለ ዲግሪ የሚያወጣው የሥራና መኖሪያ ፈቃድ ነው) በመጀመሪያ አናቢን የሚባለውን የጀርመኖች ቋት ክፈትና ዩኒቨርሲቲህ «ኤች ፕላስ» የሚል፣ ማለትም እውቅና ያለው የሚል ምልክት እንዳለው እይ። ዲግሪህ እዚያ ካልተገኘ ዛብ ከሚባለው የውጭ ዲግሪ መዛኝ የጀርመን ቢሮ የማመሳከሪያ ወረቀት ታወጣለህ፤ 208 ዩሮ ነው፣ በቀጥታ ኦንላይን ይጠየቃል። መሐል ላይ ደላላ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም።

ግን ከዚያ በፊት፦ ኮስት ሼሪንግህን ጨርሰሃል? ቴምፖ (ጊዜያዊውን ዲግሪ) ይዘህ ስንት ዓመት ሠርተሃል? ሥራ አግኝቶ፣ ቀጣሪው ውል ልኮለት፣ ኦሪጅናል ዲግሪ ስለሌለው ሁለት ወር የቆመ ሰው አውቃለሁ። ዕዳው ሳይዘጋ ኦሪጅናሉ አይሰጥም። ዛሬ ሥራ ባታገኝም ዛሬ ክፈለው። ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ብሬ መሬት አልወደቀም የምለው እሱን ነው።

ትራንስክሪፕትም ስታስልክ ስድስት ኪሎ ሬጅስትራር ራስህ ሂድ። የታሸገውን ፖስታ እንዳትከፍተው። ስቀልድ አይደለም፤ «ልየው ብዬ ነው» ብሎ የከፈተ ጓደኛ አለኝ። እንደገና ከፍሎ እንደገና ተሰለፈ።

ቋንቋ። ለጀርመንኛ፣ ፈተናውን ስድስት ኪሎ ጎተ ኢንስቲትዩት ተፈተኑ፣ መማሩን በአቅማችሁ። የብሉ ካርድ ሕጉ ራሱ ጀርመንኛ አይጠይቅም። ሆኖም ቢ1 (መካከለኛ የቋንቋ ደረጃ) ያለው ባለ ብሉ ካርድ በ21 ወር ቋሚ መኖሪያ መጠየቅ ይችላል፤ ኤ1 (የጀማሪ ደረጃ) ብቻ ያለው 27 ወር ይጠብቃል። ስድስት ወር ለማሳጠር ማታ ማታ መማር ያዋጣል ባይ ነኝ።

ለእንግሊዝ ተራው አይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ፈተና) አይሠራም። «ፎር ዩኬቪአይ» የሚለውን ነው መመዝገብ ያለባችሁ፤ ስሙ ይመሳሰላል፣ ብዙ ሰው የተሳሳተውን ይከፍላል። ከታኅሣሥ 30 ቀን 2018 ጀምሮ ለአዲስ የስኪልድ ወርከር አመልካች ደረጃው ቢ2 (ከቢ1 አንድ ከፍ ያለ) ሆኗል። ጥሩ ዜናም አለ፦ ዲግሪያችሁን በእንግሊዝኛ ከተማራችሁ፣ የእኛ አገር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው የሚያስተምረው፣ ኤክቲስ በሚባለው ተቋም አስመስክራችሁ ፈተናውን መዝለል ትችላላችሁ። ከዩኒቨርሲቲው የማስተማሪያ ቋንቋ ደብዳቤ ያዙ። እኔ ይህንን ሳላውቅ ተፈትኛለሁ።

ሜዲካልና ፎቶ። ባጭሩ። ከስድስት ወር በላይ እንግሊዝ ለሚሄድ የቲቢ ምርመራ ግዴታ ነው፣ የሚሠራውም የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት (አይኦኤም) ክሊኒክ ነው። ሰርተፍኬቱ ስድስት ወር ብቻ ስለሚያገለግል አትቸኩሉ። ለኤች ዋን ቢ በተለምዶ ሜዲካል የለም፤ «ሜዲካል ክፈል» ያለህ ሰው ከኢሚግራንት ቪዛ ጋር ቀላቅሎታል፣ ወይም አውቆ ነው። የአሜሪካ ፎቶ 5 በ5 ሳንቲ ሜትር፣ ነጭ ጀርባ፣ መነጽር አውልቆ። ፒያሳ ያሉት ፎቶ ቤቶች «የአሜሪካ» ስትሏቸው ያውቁታል።

የቀረው የአክስቴ ልጅ ነው። እሱ ዱባይም ቢሆን ይላል። ወንድምዓለም፣ ያ መንገድ ሌላ ነው። በኤጀንሲ ከሄድክ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ የሰጠው መሆኑን አጣራ። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የመግቢያ ቪዛውና የደርሶ መልስ ቲኬቱ ወጪ የአሠሪው ነው። የአንተ ፓስፖርት፣ ሜዲካልና የመሳሰሉት ናቸው። ኤጀንሲው ቲኬት ክፈል ካለህ ሕጉን አሳየው።

እሱ ግን ይህን ሁሉ አንብቦ «እሺ፣ ከምን ልጀምር?» አለኝ። ኮስት ሼሪንግህ ስንት ይቀርሃል ስለው ዝም አለ። ሰኞ ጠዋት አብረን ስድስት ኪሎ እንሄዳለን።