አባቴ ማታ ማታ የሞተችውን እናቴን ይጠይቁኛል፤ ምን ብዬ ልመልስላቸው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው። አባቴ 78 ዓመታቸው ነው። መርሳት ከጀመሩ ሁለት ዓመት አልፏል። መጀመሪያ መነጽራቸውን የት እንዳስቀመጡ ይጠፋቸው ነበር። እርጅና ነው ብለን ተውነው። አሁን ግን አንዱን ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ 10 ጊዜ ይደጋግማሉ። 30 ዓመት የኖሩበት ቤት ውስጥ ተቀምጠው «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ይላሉ። ገንዘባቸውን ራሳቸው ይደብቁና እኔን ሌባ ይሉኛል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። እናቴ ካረፈች 4 ዓመት ሆኗታል። አባቴ ማታ ሲሆን «እናትሽ የት ቀረች? መሸ እኮ» ይላሉ። እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ያኔ ገና ዛሬ እንደሰማ ሰው ያለቅሳሉ። በማግስቱ ረስተውት እንደገና ይጠይቁኛል። ባለፈው ሳምንት ብቻ አምስት ጊዜ አረዳኋቸው። መዋሸቱ ደግሞ ኃጢአት መስሎ ይሰማኛል። ምን ላድርግ? ሐኪም ጋር መሄዱስ ይጠቅማል ወይስ የዕድሜ ነገር ነው?

መልስ፣ ከነርስ፦
እህቴ፣ በቅድሚያ ሐኪም ይያቸው። ሰው ሲያረጅ የሰው ስም ቶሎ አልመጣ ይለዋል፤ ቆየት ብሎ ግን ያስታውሰዋል። የኖሩበትን ቤት አለማወቅ ከዚህ ያለፈ ነው። ዲሜንሺያ፣ ማለትም የመርሳት በሽታ የምንለው፣ በብዙ በሽታዎች ሊመጣ ይችላል። ከመቶው ከ60 እስከ 70 የሚሆነው አልዛይመር የሚባለው የአንጎል በሽታ ነው። ከስትሮክ በኋላ የሚመጣም አለ።

ምርመራው የሚያስፈልግበት ትልቁ ምክንያት ግን ዲሜንሺያ የሚመስሉ፣ ሊታከሙ የሚችሉ ችግሮች መኖራቸው ነው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ ድብርት። ወድቀው ከሆነም ጭንቅላት ውስጥ ቀስ እያለ የሚጠራቀም ደም ሊኖር ይችላል። የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ሰብስበሽ ይዘሽ ሂጂ። አንዳንድ የእንቅልፍና የአለርጂ ክኒኖች የአረጋዊን አእምሮ ያምታታሉ። ጆሯቸውንም አስመርምሪ። ያልሰማ ሰው የረሳ ይመስላል።

አንድ ነገር አደራ። በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከባሰባቸው ቀጠሮ አትጠብቂ። ብዙ ጊዜ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች ወይም የውኃ ማነስ ነው። በዚያው ቀን መታየት አለባቸው።

መልስ፣ እናቱን ስድስት ዓመት ካስታመመ ልጅ፦
ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ቤት ያየሁ መሰለኝ። እናቴ የሞተች እናቷን ትጠይቅ ነበር። እኔም እንዳንቺ እውነቱን እነግራታለሁ፣ ታለቅሳለች፣ ትረሳለች። ሐዘኑ ግን ከፊቷ ቶሎ አይጠፋም ነበር። ነገሩን ረስታው እንኳ ቀኑን ሙሉ እንደከፋት ትውላለች።

አንድ ቀን ታላቅ እህቴ ቀደመችኝና «እናትሽ ናፈቀችሽ አይደል? እስቲ ንገሪኝ፣ እንዴት ያለች ሰው ነበረች?» አለቻት። እናቴ ግማሽ ሰዓት አወራች። በልጅነቷ ጸጉሯን እንዴት ትሠራላት እንደነበር፣ ስትቆጣ ድምፅዋ እንዴት እንደሚሆን። በዚህ በሽታ የቅርቡ ነገር ይጠፋል፣ የልጅነቱ ግን ብዙ ጊዜ ይቆያል። አውርታ ስትጨርስ ጥያቄውንም ትታዋለች። እህቴ አልዋሸቻትም። ግን መርዶም አልነገረቻትም። እኔም ከዚያ በኋላ እንደዚያው አደረግሁ።

አባትሽ ሲመሽባቸው ይፈራሉ። የለመዱት ሰው አጠገባቸው የለም። እጃቸውን ያዢና «እኔ አለሁ» በያቸው። «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ሲሉም «ቤትዎ ይሄ ነው» ብለሽ አትሟገቺ። ጫማ አድርገሽላቸው ትንሽ ዞር ዞር በሉ። እናቴ ተመልሰን በሩ ላይ ስንደርስ «እፎይ፣ ደረስን» ትል ነበር።

መልስ፣ ባለቤቷን ከምታስታምም፦
የወንድሜ ምክር ጥሩ ነው። በአንድ ነገር ግን ትንሽ እለያለሁ። ባለቤቴ አንዳንድ ቀን ልቡናው ጥርት ይላል። በእንደዚህ ያለ ቀን ዓይን ዓይኔን እያየ «እናቴ ሞታለች አይደል?» ካለኝ አልክደውም። «አዎ» እለውና አብረን እናለቅሳለን። ይሄ የሱ ሐዘን ነው፣ ልነጥቀው አልችልም። ተምታቶበት ሲጠይቀኝ ግን አልነግረውም። ፊቱን አይቼ ነው የምለየው። አንቺም ትለዪዋለሽ።

ሌባ ስላሉሽ አትዘኚ። እኔም ተብያለሁ። ያስቀመጡበት ሲጠፋባቸው ሰው የወሰደው ነው የሚመስላቸው። የሚጠረጠረው ደግሞ አጠገባቸው ያለው ሰው ነው። «አልወሰድኩም» ካልሽ ጠብ ይሆናል። «መጥፋቱማ ያናድዳል፤ ይምጡ አብረን እንፈልገው» በይ። መደበቂያቸውን እወቂው፤ የትራስ ልብስ፣ ጫማ፣ የኮት ኪስ። ቆሻሻ ከመድፋትሽ በፊትም ፈትሺ። ዋና ዋና ሰነዶችን አንሺ፣ ጥቂት ዝርዝር ገንዘብ ግን ኪሳቸው ውስጥ ተዪላቸው።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት። ሁለት ነገር ልጨምር። ማታ ማታ ስለሚረበሹ አንዲት ጎረቤት «የሚያስተኛ መድኃኒት ስጫቸው» አለችኝ። እሺ ልበል? እኔም በጣም ደክሞኛል። ወንድሞቼ በስልክ «አይዞሽ» ከማለት አያልፉም።

መልስ፣ ከነርሷ፦
ሐኪም ያላዘዘውን በፍጹም እንዳትሰጫቸው። የእንቅልፍ ክኒን ሊጥላቸው ይችላል፣ መምታታቱንም ያባብሳል። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ከባድ ማረጋጊያዎች ደግሞ ዲሜንሺያ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የስትሮክንና የሞትን አደጋ እንደሚጨምሩ ይታወቃል። ሐኪሞች የሚያዙዋቸው ሌላው ሁሉ ሲያቅት ነው፤ ያውም በትንሽ መጠንና ለአጭር ጊዜ። ለራሱ ለአልዛይመር ዶኔፔዚልና ሜማንቲን የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ። ለአንዳንዱ ሰው ምልክቱን ጥቂት ያቀሉለታል፣ በሽታውን ግን አያድኑም። ስለነሱ ሐኪሙን ጠይቂው።

ለምሽቱ ቤቱን አስተካክዪ። ሳይጨልም መብራት አብሪ። መጋረጃውን ዝጊ፤ በመስኮቱ መስታወት ላይ የራሳቸውን ምስል አይተው እንግዳ ሰው ሊመስላቸው ይችላል። ቀን ላይ ብርሃን ያግኙ፣ ይንቀሳቀሱ። ወደ መጸዳጃ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ሌሊቱን የሚያድር ትንሽ መብራት ይኑር። መድኃኒት ይቆለፍበት። ጋዙን ከመተኛትሽ በፊት ዝጊ። ስልክ ቁጥርሽ ኪሳቸው ውስጥ ይኑር፣ ወጥተው ሊጠፉ ይችላሉ።

መልስ፣ እናቱን ካስታመመው፦
ስለ ወንድሞችሽ አንድ ነገር ልበልሽ። «እርዱኝ» ስትዪ ሁሉም እሺ ይላል፣ ማንም ግን አይመጣም። ቀን ቁረጪላቸው። «ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ አባባ ጋ አንተ ነህ» በዪው። በዚያ ቀን አንቺ ከቤት ውጪ። እቤት ከዋልሽ አሁንም የምትጠሪው አንቺ ነሽ። እኔ ይህን ያወቅሁት ታምሜ ከተኛሁ በኋላ ነው።

ጠያቂዋ፦
ትናንት ማታ እንደልማዳቸው «እናትሽ የት ቀረች?» አሉ። «ናፈቀችዎት?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ መጀመሪያ ያዩዋት ቀን ምን ለብሳ እንደነበር ነገሩኝ። ሰማያዊ ሻርፕ። እኔ ይህን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሳያለቅሱ ተኙ። መድኃኒቶቹን ሰብስቤያለሁ፣ ማክሰኞ ሐኪም ጋር እንሄዳለን። ቅዳሜን ደግሞ ለታናሽ ወንድሜ ሰጥቼዋለሁ።