ጀሶው ከተፈታ በኋላ ቁርጭምጭሚቴ አልታጠፍ አለኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ 6 ሳምንት በጀሶ ቆየ። ከተፈታ 3 ሳምንት ሆነው። አጥንቱ ገጥሟል ተብያለሁ፤ እግሬ ግን እንጨት ሆኗል። ባቴም ከሌላኛው በግልጽ ቀጥኗል። ደረጃ የምወርደው ወደ ጎን ዞሬ፣ መደገፊያውን ጨብጬ ነው።

ፊዚዮቴራፒስቷ ፎጣ በውስጥ እግሬ አዙሬ ወደ ራሴ እንድስብ፣ 30 ሰከንድም እንድይዘው አሳየችኝ። መገጣጠሚያ ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ይደርቃል፣ ጡንቻም ይሟሽሻል፤ የሚያፍታታው እንቅስቃሴ ነው አለችኝ። አምናታለሁ። ግን በሠራሁ ቁጥር ማታ ያብጣል፣ የካልሲው ክር ምልክት ቆዳዬ ላይ ይቀራል። እፈራና በማግስቱ እተወዋለሁ። ቀጣዩ ቀጠሮዬ ደግሞ ገና ነው።

እባካችሁ በዚህ ያለፋችሁ ወይም ሙያው ያላችሁ፣ እብጠቱ እስኪጎድል ልረፍ ወይስ ቀነስ አድርጌ ልቀጥል? የቱ ሕመም ነው ‘አቁም’ የሚለው?