ቅጠሉ ዳር ላይ ልጅ የሚያወጣው ተክል ምንድን ነው?

ጠያቂ (ባሕር ዳር)
ሰላም ቤተሰብ! የአንድ ተክል ስም ጠፍቶኝ ነው። ዓባይ ድልድይ አካባቢ ከአንድ ችግኝ ሻጭ ገዝቼ በቀለም ባልዲ ተከልኩት። ቅጠሉ ወፍራምና ውኃ የቋጠረ ነው፣ ጫፉ ይሾላል፣ ዳርና ዳሩ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። በየጥርሱ መሃል ደግሞ ምስር የምታህል ቡቃያ አለች፤ ገና ሳትወድቅ ሁለት ቅጠልና ክር የመሰለ ሥር አውጥታለች! ነካ ሳደርገው እርግፍ ይላል፣ ይኸው የጤናዳሙም የበሶብላውም ጣሳ ውስጥ በቅሏል። ጎረቤቴ እማማ እንዳሁላ ነው ይላሉ፣ እህቴ ቅንጭብ ነው ትላለች። ለፋሲካ የገዛነው በግ አጠገቡ ነው የታሰረው፣ ቢበላው ችግር አለው?

የጓሮ ሰው
ቅንጭብስ አይደለም እህቴ። ቅንጭብ እርሳስ የመሰለ አረንጓዴ ቅርንጫፍ ነው፣ ቅጠሉ አይታይም፣ ሲሰበር ነጭ ወተት ያፈስሳል። ወተቱ ዓይን ከገባ ጉድ ነው። ያንቺን ቅጠል ቁረጪና እዪው፤ ውኃ ብቻ ከወጣው እማማ ይቀርባሉ።

አበባ ወዳጅ
እማማ ዘመዱን ነው ያወቁት። የእንዳሁላ ወገን ነው፣ ግን የኛ እንዳሁላ ቅጠሉ ዳር ላይ እንዲህ ልጅ አይደረድርም። ይሄ የማዳጋስካር ተክል ነው፣ ሳይንሳዊ ስሙ ካላንኮዬ ዳይግሬሞንቲያና። ቅጠሉን ገልብጪው፣ ሐምራዊ ነጠብጣብ ካለው እሱ ነው። ቡቃያው ቅጠሉ ጫፍ ላይ ብቻ ተሰብስቦ፣ ቅጠሉም እንደ ቱቦ ድቡልቡል ቢሆን ኖሮ ሌላ ዘመዱ ነው እልሽ ነበር።
በጉን ግን ዛሬውኑ አርቂው! ልብ የሚመታ መርዝ አለው፣ አበባው ደግሞ ይብሳል። አውስትራሊያ ውስጥ ያ ቱቦ ቅጠሉ ዘመዱ የቀንድ ከብት ፈጅቷል። ልጆችም ካሉ ከፍ አድርገሽ አስቀምጪው።

የጣና ልጅ
እኔ የምጨምረው ስትነቅይው ሐይቁ ዳር ወስደሽ እንዳትደፊው። እምቦጭ ጣናን ምን እንዳደረገው አይተናል፤ በጀልባ ስናልፍ ሞተሩን ስንት ጊዜ አንቆብናል። ይሄኛው የደረቅ መሬት ተክል ነው፣ ውኃ ላይ አይንሳፈፍም፣ ግን ከአንድ ቅጠል ስንት ችግኝ እንደሚወጣ ራስሽ አይተሻል። የረገፈውን ለቅመሽ አቃጥዪው።

ጠያቂ
ገለበጥኩት፣ ሐምራዊ ነጠብጣብ አለው! ቆርጬም አየሁት፣ ወተት የለውም። በጉን ወዲያው ጓሮ አሰርኩት፣ ደህና እየበላ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ባልዲውን በረንዳው ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። አሁን ከጤናዳሙ ሥር አንድ በአንድ እየለቀምኩ ነው፣ እስካሁን አርባ ሦስት ደርሻለሁ።