ድብ የሚገነድሰው የወፍ መመገቢያ፦ ምን ይገዛ፣ ማን ይጠራ?

ጥያቄ (ፍሬድሪክ ካውንቲ፣ ሜሪላንድ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጓሯችን ከጫካ ይዋሰናል። የወፍ መመገቢያውን የሰቀልንበትን ብረት ድብ ቆልምሞ ዘሩን ጠራርጎ በልቶታል። ጠንከር ያለ ምሰሶ ልግዛ፣ የኤሌክትሪክ አጥር ላሠራ፣ ወይስ የሚይዝልን ሰው ልጥራ? ዶሮዎችም አሉን። የምታውቁትን ጠቁሙኝ፤ እህታችሁ ነኝ።

መልስ (ፍሮንት ሮያል፣ ቨርጂኒያ)፦ እህቴ፣ ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ካሌንደሩን እዪ። የሜሪላንድ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ምክር ከኤፕሪል እስከ ኖቬምበር መመገቢያውን አውርዱ የሚል ነው። በእነዚያ ወራት ለወፎቹ ትሉም፣ ነፍሳቱም፣ የዱር ዘሩም ሞልቷል፤ አይራቡም። ድብ ግን ለክረምት ስብ በሚያጠራቅምበት በመጸው በቀን እስከ 20 ሺህ ካሎሪ ይፈልጋል። አንድ ፓውንድ የወፍ ዘር 1,700 ካሎሪ ገደማ ስለሆነ፣ ሰባት ፓውንድ የሚይዝ መመገቢያ ከዕለት ቀለቡ ከግማሽ በላዩን ይሸፍንለታል። ይህን ቦታ አንዴ ካወቀ ማንም አያስረሳውም። አሁኑኑ አውርጂና ሥሩ የፈሰሰውን ዘርና ገለባ በሬክ ጠርገሽ አንሺ፤ መሬት ላይ የቀረው ሽታ ብቻውን ይጠራዋል። ባዶ መሆኑን ደጋግሞ መጥቶ እስኪያረጋግጥ ቢያንስ አንድ ወር ምንም አትስቀዪ። የሃሚንግበርድ ስኳር ውሃም ከዚሁ ይቆጠራል።

ከመደብር የማይገዛውን ልንገርሽ። ጫፉ የተቆለመመው ቀጭን ብረት ለድብ ምንም አይደለም። ምሰሶው ላይ የሚገባው ጉልላት ስኩዊረል ብቻ ይመልሳል። ስኩዊረል ባስተር የሚባለው መመገቢያ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ክብደት ሲያርፍበት ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። ድብ ግን በቀዳዳ መብላት መቼ ፈለገ፣ አውርዶ ይጨፈልቀዋል። መስኮት ላይ የሚለጠፈው ከሁሉም የከፋ ነው፤ ድቡን መስታወቱ ድረስ ያመጣዋል።

መልስ (ዊንቸስተር፣ ቨርጂኒያ)፦ ክረምት ላይም ቢሆን ከምሰሶ ይልቅ በሁለት ዛፎች መካከል የተወጠረ የብረት ገመድ ይሻላል። ልኩ፦ የመመገቢያው ታች ከመሬት ቢያንስ 10 ጫማ፣ ከእያንዳንዱ ግንድም 10 ጫማ መራቅ አለበት። ስለዚህ ዛፎቹ 25 ጫማ ያህል ቢራራቁ ጥሩ ነው። ገመዱ በክብደት ስለሚረግብ ግንዱ ላይ በ15 ጫማ ከፍታ እሰሩት። ሎውስም ሆም ዲፖም 1/8 ኢንች የብረት ገመድ በጫማ ቆርጠው ይሸጣሉ። ገመዱ ዞሮ በሚታሰርበት በየጫፉ ቢያንስ ሁለት የገመድ ማጥበቂያ (ክሊፕ) ያስፈልጋል፦ ወፍራሙ ክፍል ክብደት በሚሸከመው ረጅም ገመድ በኩል፣ የዩ ቅርጹ በአጭሩ ትራፊ በኩል ይሁን። ከተገለበጠ የሚሸከመውን ገመድ እየጨፈለቀ ያዳክመዋል።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው ግን ማውረጃው ላይ ነው። በፑሊ አዙሮ ግንዱ ላይ የታሰረ የናይለን ገመድ ድቡ በጥርሱ ይቆርጠዋል፣ ወይም በመዳፉ ሲጎትተው መመገቢያው እፊቱ ይወርድለታል። ማውረጃ ገመድ ጭራሽ አታድርጊ። የቀለም ቀቢዎችን የሚረዝም ዘንግ ገዝተሽ ጫፉ ላይ መንጠቆ ግጠሚና በእሱ ስቀዪ፣ በእሱ አውርጂ።

ጥያቄ (ያው ጠያቂዋ)፦ ዘሩን ሚጥሚጣ ብንለውሰውስ?

መልስ (ዊንቸስተር)፦ ወፍ የቃሪያን ማቃጠል አይሰማውም፣ አጥቢ እንስሳ ይሰማዋል። ዋይልድ በርድስ አንሊሚትድ የተባለው የወፍ ዕቃ መደብር በዚሁ መንገድ የተሠራ ቅመም ያለው ዘርና ሞራ ይሸጣል፤ ለስኩዊረል ግዢው። የራበ ድብ ግን አቃጥሎትም ይበላዋል። የቤቱ ሚጥሚጣ ጨው አለበት፣ ለወፍ አይሆንም። ለክትፎሽ አስቀምጪው።

መልስ (ማርቲንስበርግ፣ ዌስት ቨርጂኒያ)፦ የኤሌክትሪክ አጥሩን ለዶሮዎቹ አድርጊው፤ ለመመገቢያ ብቻ ወጪው አያዋጣም። ትራክተር ሰፕላይ ከሚባለው የእርሻ ዕቃ መደብር ሁሉንም ዕቃ ታገኛለሽ። አምስት ሽቦ፣ የመጀመሪያው ከመሬት 8 ኢንች፣ የቀሩትም በየ8 ኢንቹ። ቻርጀሩን (ለሽቦው ኮረንቲ የሚልከውን ዕቃ) ይህን ያህል ማይል አጥር ይችላል በሚለው ማስታወቂያው አትምረጪ፤ የሚታየው ጁል፣ ማለትም የንዝረቱ ጉልበት ነው። ከ0.7 በታች አትውረጂ። ለምሳሌ ጋላገር የተባለው ኩባንያ ቻርጀር ኤስ40 0.4 ጁል ስለሆነ ለዚህ አይበቃም፤ ኤስ100 1 ጁል ነው።

አጥሩ የማይሠራው ብዙውን ጊዜ በግራውንድ (ኮረንቲው በመሬት በኩል ወደ ቻርጀሩ በሚመለስበት መስመር) ምክንያት ነው። ባለ 6 ጫማ ሦስት የብረት ዘንጎች በ10 ጫማ ርቀት ይቀበሩ። አፈሩ በኦገስት ሲደርቅ ኮረንቲው ስለማይመለስ፣ ከአምስቱ ሽቦ ሁለቱን ከግራውንድ ጋር አገናኚ፤ ድቡ ሁለቱን አንድ ላይ ሲነካ ይይዘዋል። ሳር ሽቦውን ሲነካ ኃይሉን ይጠጣዋል፤ ከሥሩ እጨጂ። ከቻርጀሩ በራቀው ጫፍ በቮልት መለኪያ ለኪ፤ ከ6,000 በታች ከሆነ የድብ ጠጉር ያስቀረዋል። ሽቦው በተዘረጋበት ዕለት ይብራ፤ ሳይነዝረው ጥሶ ያለፈ ድብ ሁለተኛ አጥር አይፈራም።

መልስ (ፍሮንት ሮያል)፦ ስለሚይዝ ሰው፦ ራኩንና እባብ የሚያወጡ የግል ድርጅቶች አሉ፤ ድብ ግን የግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው። ደውዪላቸው፣ መጀመሪያ የሚሉሽም መመገቢያውን አውርጂ ነው። ተወስዶ ሌላ ጫካ የተለቀቀ ድብ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። በቨርጂኒያ ደግሞ ድብን መመገብ በሕግ የተከለከለ ነው።

ከዚህ ይልቅ ቆሻሻ የሚያነሳላችሁን ኩባንያ ድብ የማይከፍተው በርሜል እንዳለው ጠይቂ። ከሌለው ስትገዢ የአይጂቢሲ (በድብ ጉዳይ የሚሠሩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ኮሚቴ) ማረጋገጫ ያለውን ፈልጊ፤ ሞንታና፣ ዌስት የሎውስቶን ውስጥ በእውነተኛ ድቦች 60 ደቂቃ ተፈትኖ ያለፈ ማለት ነው። መቀርቀሪያው ካልተዘጋ ወይም ክዳኑ እስኪነሳ ከሞላ ግን ማረጋገጫው ዋጋ የለውም። የተረፈውን የወፍ ዘር በቆርቆሮ በርሜል ውጭ አታስቀምጪ፤ ቆርቆሮው የሚከለክለው አይጥን ነው። ጋራዥ ይግባ፣ በሩም ማታ ይዘጋ።