የ4ኛ ክፍል የድብልቅ ትምህርት ዕቅድ፦ በጀቱ ዛሬ ይዘጋ

የ4ኛ ክፍል አስተማሪ፦ ልጆቹ የድብልቅን ትርጉም በቃላቸው ይወጡታል፣ ስኳር ውሃ ውስጥ ስጨምር ግን "ጠፋ" ይሉኛል። 200 ግራም ውሃና 20 ግራም ስኳር ሚዛኑ ላይ 220 ሲል በዓይናቸው ይዩት። ከዛ የአወይቱን ወንዝ ድፍርስ ውሃ በሃይላንድ እናስቀምጥ፣ ጭቃው ይዘቅጣል፣ የጨው ውሃ ግን ብታጠሉትም ጨውነቱ አብሮ ያልፋል፣ ውሃውን ማትነን ነው። የምጠይቀው ሚዛን፣ ማግኔት፣ ማጥለያ ወረቀትና አንድ ጀበና ቡና።

ገንዘብ ያዥ፦ ቡናው ምን ሊያደርግ? ያለን 3,000 ብር ነው።

አስተማሪ፦ ጋሼ፣ ጀበናው ሲሰክን አተላው ታች ይቀራል፣ ቀለሙና ጣዕሙ ግን ውሃው ውስጥ ሟሟ። የሚዘቅጠውም የሚሟሟውም አንድ ጀበና ውስጥ አለ፣ ለጅማ ልጅ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የለም።

ወላጅ 1፦ በስኳር ነው በጨው? እኛ ቤት በጨው ነው የሚጠጣው።

ወላጅ 2፦ ኧረ አሁን በጨው ማን ይጠጣል ከተማ ውስጥ

ወላጅ 1፦ እኔ የከተማ ሰው አይደለሁም? እናቴ ሐሙስ ገበያ ቅቤ ሸጣ ነው ያስተማረችኝ፣ የቤቴን ቡና ማንም አያናንቀውም!

አስተማሪ፦ ሁለቱም ይሟሟል፣ ለትምህርቱ ለውጥ የለውም።

ወላጅ 1፦ ለውጥ ከሌለው ጨው ይሁና። ስኳር ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ።

ወላጅ 2፦ ጨው ከሆነ ልጄ አይቀምስም

አስተማሪ፦ ማንም አይቀምስም አልኩ እኮ!! የአወይቱንም ውሃ ጠርቷል ብሎ የሚጠጣ እንዳይኖር፣ መጥራትና መንጻት ይለያያል።

ወላጅ 2፦ እህቴ ይቅርታ፣ ክፉ አስቤ አይደለም።

ወላጅ 1፦ ይሁን። ግን ጨው ተብሎ ይጻፍ።

ፀሐፊ፦ ጨውም ስኳርም ብዬ ጽፌያለሁ። ከድሮ ስፒከር ማግኔት አወጣለሁ ያለው ልጅ የት ገባ? ከብየዳ ቤት ያመጣሁት የብረት ብናኝ በፌስታል ሁለት ሳምንት ቤቴ ተቀምጧል።

ገንዘብ ያዥ፦ ሚዛን ከቡና ነጋዴ እንዋሳለን፣ አይገዛም።

አስተማሪ፦ ጋሼ የኩንታል ሚዛን 20 ግራም ያሳያል እንዴ?

ወላጅ 2፦ ቡና ከተፈላ አይቀር ወላጅ ይጠራ፣ ቄጠማና ፈንድሻ እኔ እችላለሁ

ገንዘብ ያዥ፦ ጥሩ ሐሳብ ነው። እንግዲያው ብሩ ለስኒና ለረከቦት ይሁን፣ ለትምህርት ቤቱም ቋሚ ንብረት ይሆናል።

ወላጅ 1፦ እስማማለሁ

ፀሐፊ፦ እኔም

አስተማሪ፦ ማጥለያ ወረቀቱ ወጣ ማለት ነው? እሺ ያረጀ ነጠላ አመጣለሁ። የአወይቱን ውሃ ማን ይቀዳል? ዝናብ እንዳባራ ነው መቀዳት ያለበት፣ ካደረ ጭቃው ይቀንሳል።

አስተማሪ፦ ማን ይቀዳል?