ከሱቅ ዳቦ ሌላ ምን እናስይዛቸው? በደብረ ብርሃን ለሚማሩ ልጆቻችን የሚቀርብ የጋራ ምክረ ሐሳብ

ከማኅበሩ ጸሐፊ

የተከበራችሁ አባላት፣ ባለፈው ስብሰባ በተወሰነው መሠረት ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርበውን ምክረ ሐሳብ በጽሑፍ እየተወያየን እንድናዘጋጅ ይህን ውይይት ከፍቻለሁ። ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከጣርማ በር፣ ከሞረትና ጅሩ እንዲሁም ከቀወት መጥተው በደብረ ብርሃን ቤት ተከራይተው የሚማሩት ልጆቻችን፣ ከቤት የያዙት ስንቅ ሲያልቅ ቁርሳቸውንም ምሳቸውንም በዳቦና በሻይ እንደሚያልፉ ሁላችንም እናውቃለን። ዳቦ ከገበታችን ይጥፋ የሚል ሰው በመካከላችን የለም፤ ድፎው የበዓላችን ክብር፣ ሙልሙሉም በቡሄ የልጆቻችን ደስታ ነው። የሚያሳስበን አንድ ልጅ ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን ሁለት ጊዜ ከነጭ ዱቄት የተጋገረ ዳቦ ብቻ እየበላ መዋሉ ነው። ዋጋውም ቢሆን በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተጀመረው የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት የዓለምን የስንዴ ገበያ ካናጋ ወዲህ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም፤ ዋጋው ባልጨመረበት ጊዜ እንኳ የዳቦው ክብደት ሲቀንስ ዐይተናል።

የመጀመሪያ ሐሳቤ፣ እያንዳንዱ ወላጅ ለልጁ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ እንዲያስይዝ ማኅበሩ በውሳኔ እንዲያሳስብ ነው። አባላት አስተያየታችሁን እንድታሰፍሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከመንዝ ማማ፣ እናት አባል

ጸሐፊያችን ስለ ድካምዎ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሆኖም «በሶ ይያዙ» ብሎ መወሰኑ ብቻውን ሥራውን አይሠራውም፤ የበሶን ልፋት የሚያውቀው ያዘጋጀው ነው። ገብሱ በመጀመሪያ ይለቀማል፤ ውኃ ተርከፍክፎበት በሙቀጫ ይፈተግና ገለባው ይለቅቃል፤ ከዚያ ደርቆ፣ ተነፍቶ፣ ምጣድ ላይ ይታመሳል፤ ቀሪው ገለባ እንዲወጣም እንደገና ተሸክሽኮና ተነፍቶ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ሁሉም የሚበላሸው ወይም የሚያምረው ግን ምጣዱ ላይ ነው። እሳቱ ከበረታ የገብሱ ላይ ይጠቁርና ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ዱቄቱ በአንድ በኩል መራራ በሌላ በኩል ጥሬ ጥሬ ይልና ልጁ አንድ ጊዜ ቀምሶ ዕቃውን ከአልጋ ሥር ይገፋዋል። እሳቱን መጥኖ፣ በመቁያ ሳያቋርጡ እያገላበጡ፣ ፍሬው እኩል ቀልቶ በጥርስ ሲነከስ ከሽ ብሎ እስኪሰበር ድረስ መጠበቅ ያስፈልጋል። ጥሩ በሶ መሆኑ የሚታወቀው ደግሞ ጥቂት ውኃና ጨው ገብቶበት በመዳፍ ሲታሽ ነው፤ ጭብጦው ሳይፈርስና እጅ ላይ ሳይለጠፍ ተድበልብሎ ይቆማል።

ይህን ሁሉ እያንዳንዷ እናት ለየብቻዋ፣ ከእርሻውና ከከብቱ ሥራ ጋር እያጣመረች ትሥራ ብንል ውሳኔያችን ወረቀት ላይ ይቀራል። እኔ የማቀርበው በወር አንድ ቀን በደቦ ሆነን ለሁሉም ልጆች የሚሆነውን በአንድ ቦታ እንድናምስ ነው። ገብሱም ገለባው በቀላሉ የሚለቀው ሰነፍ ቆሎ ቢሆን የፍትጊያው ድካም በእጅጉ ይቀንሳል፤ የተረፈው ለቆሎ ይሆናል።

ከጣርማ በር፣ አባት አባል

እኅታችን ከመንዝ የጻፉት የጉዳዩን ግማሽ ፈትቶታል፤ እኔ ስለ ሌላው ግማሽ ልጻፍ። ልጆቻችን ዳቦ የሚገዙት ጣዕሙ በልጦባቸው ወይም ዋጋው ረክሶላቸው አይመስለኝም። ከትምህርት ቤት ርቦት የተመለሰ ልጅ ያለ እሳት፣ ያለ ድስትና ያለ ውኃ ማመላለስ ወዲያው የሚያገኘው ምግብ ዳቦ ብቻ ስለ ሆነ ነው። ከተከራዩአቸው ክፍሎች ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ምድጃ የማይፈቀድባቸው ናቸው፤ ከሰል ደግሞ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ በተለይ በዚህች ብርድና ነፋስ በሚበረታባት ከተማ ልጆች በርና መስኮት ዘግተው በሚተኙበት ወቅት፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ስለ ሆነ እኛው ራሳችን ልንከለክላቸው የሚገባ ነው።

ስለዚህ በምክረ ሐሳባችን የሚገባ ምግብ ሁሉ በአንድ መስፈርት ይመዘን እላለሁ፦ ልጁ እጅ ሲደርስ ያለ እሳት ይበላል ወይስ አይበላም? በዚህ ሚዛን በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ያልፋሉ። ገንፎና ቅንጬ እጅግ የምወዳቸው ምግቦች ቢሆኑም ለብቻው ለሚኖር ተማሪ ክፍል አይሆኑም፤ በዘመድ ቤት ለተቀመጡት ብቻ ይጻፉ። ንፍሮ መካከል ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ባቄላና ሽምብራ እዚህ ከሸዋ ሮቢት ይልቅ ረጅም ሰዓትና ብዙ ማገዶ የሚፈጁት በዚህ ምክንያት ነው። ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ካደረ በኋላ በጋራ በትልቅ ድስት ቢቀቀል እንጂ በየክፍሉ የሚሆን አይደለም።

ከደብረ ብርሃን፣ እናት አባል

ሁለቱም የጻፉት ልክ ነው፤ ነገር ግን አንድ የሚያሳዝነኝን ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። ልጆቹ በከተማ ጓደኞቻቸው ፊት ጭብጦ ማውጣት ያፍራሉ። ቤቴ የተቀመጠችው የወንድሜ ልጅ ከአገር ቤት የመጣላትን በሶ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ትበላው ነበር። ይህን በተግሣጽ የምንመልሰው አይመስለኝም። በየጭማቂ ቤቱ በሶ በማር ወይም በስኳር ተበጥብጦ በብርጭቆ እየተሸጠ፣ የከተማው ወጣት በደስታ ይጠጣዋል። ልጆቻችንም ክዳን ያለው ኮዳ ይያዙና በሶውን በውኃ በጥብጠው ትምህርት ቤት ይውሰዱት። ብቻ በጥብጡ እሳት ስለማይነካው ውኃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የታከመ እንዲሆን በምክረ ሐሳቡ ይጻፍልኝ።

ከሞረትና ጅሩ፣ አባል

በእኛ ወረዳ ጥራጥሬ የተትረፈረፈ በመሆኑ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ለማቅረብ ፈቃደኞች ነን። ገብሱ ብቻውን አይበቃም፤ በእህል ውስጥ የሚያንሰውን የፕሮቲን ዓይነት ጥራጥሬ ስለሚሞላው፣ ቆሎው ገብስና ሽምብራ ተደባልቆ ቢዘጋጅ ለሚያድግ ልጅ እጅግ የተሻለ ነው።

ነገር ግን ጓያን በሚመለከት በምክረ ሐሳባችን ግልጽ ክልከላ እንዲገባ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ጓያ ዝናብ ቢያጥርም፣ መሬቱ ውኃ ቢቋጥርም ስለሚበቅል በክፉ ዘመን ያወጣን ሰብል ነው፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። እንዲህ ያለ የጋራ ግዢ ሲኖር መጀመሪያ ዐይን ውስጥ የሚገባው እሱ ይሆናል። በውስጡ ያለው መርዝ ግን ጓያ ለሁለትና ለሦስት ወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን ያሽመደምዳል፤ ሽባነቱም ከያዘ የማይመለስ ነው። ጎልቶ የሚታየውም በወጣቶች ላይ፣ ከሴቶቹም ይልቅ በወንዶቹ ነው፤ ማለትም ልጆቻችን ባሉበት ዕድሜ። በአገራችን ጉዳቱን የሚያደርሰው ጓያው ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ነው የሚል እምነት አለ፤ ይህም ሰው ከድስቱ ሸሽቶ ንፍሮውን ግን እንዲበላ ያደርገዋል። ጉዳቱ ያለው በሚበላው ውስጥ ነው። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። በገበያ የሚሸጥ የተፈጨ ሽሮ ውስጥም ጓያ ሊቀላቀል ስለሚችል፣ ማኅበሩ ለልጆች የሚገዛው ጥራጥሬ ሁሉ ሳይፈጭ በፍሬው ይሁን፤ ፍሬው ከታየ ማንኛውም ገበሬ ይለየዋል።

ከቀወት፣ አባል

ስለ ጓያው የተጻፈውን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ከእኛ ቆላ ማሽላና ማሾ ማቅረብ እንችላለን፤ ማሾ ከባቄላ ፈጥኖ ስለሚበስል ለንፍሮ ማገዶ ይቆጥባል። በተጨማሪ፣ በጋራ የሚዘጋጀው በሶ ቅቤ ሳይገባበት ደረቁን ይከፋፈል። የሚጾሙት ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በዐቢይ ጾም በውኃ ይበሉታል፤ እኛም በረመዳን ለሱሑር ይሆነናል፤ ቅቤ ወይም ወተት የፈለገ በየቤቱ ይጨምር። ቅቤ የገባበት በሶ በቆላው ሙቀት ቶሎ ስለሚሻግትም ደረቁ ይሻላል።

ከጤና ባለሙያ አባል

ሁለት ነገሮች እንዲታረሙ እፈልጋለሁ። የመጀመሪያው፣ ከልጆቻችን መካከል ዳቦ የማይስማማቸው ካሉ በሶ መፍትሔ እንደማይሆናቸው ነው። ግሉተን የሚባለው ፕሮቲን በስንዴ ብቻ ሳይሆን በገብስም ውስጥ አለ። ሐኪም መርምሮ ግሉተን ይቅርበት ያለው ልጅ የሚበላው ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ድንችና ጥራጥሬ ነው፤ ያም ቢሆን ከስንዴና ከገብስ ጋር በአንድ ወፍጮ ተከታትሎ ከተፈጨ ዱቄቱ መነካካቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ለእሱ የሚሆነው ለብቻው ይያዝ። ሆድ ነፋኝ ያለን ልጅ ሁሉ ግን ያለ ምርመራ ከስንዴ እንዳናግድ አደራ እላለሁ።

ሁለተኛው ስለ ሻይ ነው። ከጤፍ፣ ከገብስና ከጥራጥሬ የሚገኘውን የብረት ንጥረ ነገር ሰውነት እንዳይወስድ ሻይ ያውካል። ዳቦውን በበሶ ተክተን ሻዩን እንደ ነበረ ካስቀመጥነው የምናገኘው ጥቅም ይጎድላል፤ ሻዩ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ይራቅ። በአንጻሩ ከንፍሮው ጋር አንድ ጥሬ ቃሪያ ወይም ሎሚ ቢኖር ብረቱ በተሻለ ሁኔታ ይወሰዳል።

ስለ ድርቆሽም አንድ ቃል። እንጀራው መድረቅ ያለበት ትኩስነቱ ሳያልፍ ነው። ሻጋታ ማውጣት የጀመረ እንጀራ ሻጋታው ተቀርፎም ሆነ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ለልጅ አይሰጥ።

ከሒሳብ ሹም

የቀረበው ሐሳብ ሊከፈል የሚችል መሆኑን ለማየት አስልቻለሁ። ለአንድ ተማሪ በቀን 150 ግራም በሶ ቢያዝለት፣ ይህም ከ500 ኪሎ ካሎሪ በላይ ስለሚሆን አንድ 100 ግራም የሚመዝን ዳቦ ከሚሰጠው ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ በወር ለ20 የትምህርት ቀናት 3 ኪሎ ያስፈልገዋል። ለ10 ተማሪዎች 30 ኪሎ ማለት ነው። በፍትጊያ፣ በማመስና በነፊያ ከገብሱ ሩቡ ይቀንሳል ብለን ብንይዝ 40 ኪሎ ያልተፈተገ ገብስ እንገዛለን። የሚቀረው ገለባና ግርድ ለዶሮና ለከብት ስለሚሆን በደቦው ለተሳተፉት ይከፋፈል።

የግዢው ወቅት ከስሌቱ ይበልጥ ያሳስበኛል። ገብስ ከደጋው ሲወቃ፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ክረምቱ ሲገባ ይወጣል። ትምህርት ግን በመስከረም ይጀመራል። ስለዚህ በጥር የምንገዛው እስከ ሰኔ የሚበቃውን ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውን ዓመት የመጀመሪያ ወራትም የሚያካትት ይሁን፤ ነቀዝ እንዳይገባበት በደንብ ደርቆ በፍሬው ይቀመጥ፤ የሚታመሰውም በየወሩ የሚያስፈልገው ብቻ ይሁን። በከተማችን የቢራ ፋብሪካዎች ስላሉ ገበሬው የቢራ ገብስም እንደሚዘራ አይዘንጋ፤ ለምግብ የሚሆነውን ዘር ለይተን ከወዲሁ ከአምራቾች ጋር ካልተነጋገርን ገበያ ወጥተን የምናገኘው ያ ላይሆን ይችላል።

ከማኅበሩ ጸሐፊ

አባላት ባቀረባችሁት መሠረት ረቂቁን እንደሚከተለው አሻሽዬዋለሁ፤ የመጀመሪያው፣ እያንዳንዱ ወላጅ ለየብቻው ያዘጋጅ የሚለው፣ ተሰርዟል።

«ማኅበሩ በደብረ ብርሃን ለሚማሩ የአባላት ልጆች በትምህርት ቀናት የሱቅ ዳቦን የሚተካ፣ ያለ እሳት የሚበላ ምግብ በጋራ ያዘጋጃል። ዋናው ምግብ በወር አንድ ቀን በደቦ የሚታመስ፣ ቅቤ ያልገባበት በሶ ሲሆን፣ ገብስና ሽምብራ የተደባለቀበት ቆሎ እና ትኩስነቱ ሳያልፍ የደረቀ የጤፍ ወይም የማሽላ ድርቆሽ አብረው ይሰጣሉ። በሳምንት አንድ ቀን ተዘፍዝፎ ያደረ የባቄላ፣ የሽምብራ ወይም የማሾ ንፍሮ በአንድ ቤት ተቀቅሎ በዚያው ዕለት ይታደላል። ጓያ በማንኛውም መልኩ፣ በፍሬም ሆነ በሽሮ፣ አይገዛም፤ ጥራጥሬ የሚገዛው ሳይፈጭ ብቻ ነው። በሐኪም ማስረጃ ግሉተን ለተከለከለ ልጅ ከጤፍ፣ ከማሽላና ከማሾ የሚዘጋጀው ምግብ ለብቻው ይለቀማል፣ ለብቻው ይፈጫል። ለእያንዳንዱ ልጅ ክዳን ያለው ኮዳ ይገዛል፤ ለመበጥበጫ የሚሆነው ውኃም የፈላ ወይም የታከመ ይሆናል።»

ያልተቋጨው የማመሻው ቦታ ነው። አንድ አባል ሰፊ ማድ ቤታቸውን እንደሚፈቅዱ በቃል ነግረውኛል፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ ስንት ምጣድ እንደሚያስጥድና ጭሱ በደንብ እንደሚወጣ ሳይታይ በረቂቁ ልጽፈው አልፈለግሁም። እኅታችን ከመንዝና የሒሳብ ሹማችን በመጪው ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ቤቱን ዐይተው ውጤቱን እንዲያሳውቁን እጠይቃለሁ።

ከመንዝ ማማ፣ እናት አባል

እሺ፣ እናየዋለን። የራሴን መቁያና ሁለት ኪሎ የተፈተገ ሰነፍ ቆሎ ይዤ እመጣለሁ፤ እዚያው ምጣዱ ላይ አምሰን ሳናይ ቤቱ ይሆናል አይሆንም አንልም።